የራሱን ንፍሮ የበላው ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግረኝ ሰው የለም። ይሄን ስል ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ከእንቅልፌ ስነቃ እጄ አሁንም ሥራውን ይፈልጋል፤ የሚታጠብ ጀርባ፣ የሚገላበጥ ሰው፣ የሚቆረጥ ጥፍር ይፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። የተከራየሁት ሚዛን ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ነው፤ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲመታው ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። እዚህ አገር ደግሞ ዝናብ መቼ ያቆማል! ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው። "እትዬ አስናቀች፣ አሁን እንግዲህ ማረፍ ነው" ይሉኛል። አረፍኩ እንግዲህ። ዕረፍት ማለት ይሄ ከሆነ ለጠላቴ ይስጠው።

የሠራሁት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ካሉት የቡና እርሻዎች በአንዱ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ጽዳት ነበርኩ። ወለል መወልወል ሰልችቶኝ "አስታማሚ ይፈለጋል" ሲባል ሰምቼ መጣሁ። ደሞዙን አታንሱብኝ፤ ያኔም አይነሳም ነበር።

መጦሪያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አቮካዶና ሙዝ መሐል የተሠራ ረጅም ቤት ነው። የከተማው ሰው አዋጥቶ ነው ያቆመው። ከሸኮና ከማሻ በኩል የመጡ ጥቂት አሮጊቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን በጉብዝናቸው ከወሎ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከጎጃም ቡና ሊለቅሙ መጥተው እዚሁ ያረጁ ናቸው። ልጅ ያለው ልጁ ጋ ገባ። ዘመድ ያለው አገሩ ተመለሰ። የቀረው እኛ ጋ መጣ። አማርኛውን ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም በየራሱ ዜማ። ሕልማቸውን ግን በየአፍ መፍቻቸው ያልማሉ፤ ተረኛ ሆኜ ሳድር እሰማቸዋለሁ፤ የሚሉት አይገባኝም።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሲስተር ማርታ ናት፤ ዋና ነርሳችን ነበረች። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ በር ላይ ቆሜ አንዱን ሽማግሌ "አባባ፣ ምሳ ይበላሉ?" ስል ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

"ቁጭ በይ።"

"ሲስተር፣ ሥራ አለብኝ እኮ።"

"ሥራሽ እሱ ነው። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መልስ አይፈልግም፤ እሱም ያውቃል።"

እሷ ሳትቀመጥ ሰው አነጋግራ አታውቅም። ወንበር ከሌለ አልጋው ጫፍ፣ አልጋው ከረጠበ ወለሉ ላይ፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አታይም ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጥፍር መቁረጧ ነው። ዋና ነርስ ሆና ሳለች ያንን ሥራ ለማንም አትሰጥም። የሽማግሌ ጥፍር ቀንድ ነው፤ ዝም ብለሽ ብትቆርጪው ይሰነጠቃል፣ ሥጋ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የውሃውን ሙቀት በመዳፌ ስሞክር "ተይ" አለችኝ፤ "መዳፍሽ በሥራ ደንዝዟል፤ በክርንሽ ሞክሪ።" ከዚያ ጥቂት ጥቂት፣ ቀጥ አድርጎ፣ ጥጉን ሳይነኩ። "ጣቱን ያዢ፣ ፊቱን አትዪ። ሰው እጁ ተይዞ፣ የሚያየው ዓይን ከሌለ፣ ያወራል" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። በዚያ ቤት የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት ጥፍር እየቆረጥኩ ነው። ሲስተር ሁሉንም "እርስዎ" ስትል እኔ ግን አልቻልኩበትም፤ ሲለማመዱኝ "አንተ"፣ "አንቺ" አልኳቸው፣ እነሱም ወደዱት።

ሲስተር ስታረጅ ልጇ ወሰደቻት፤ እዚያው አረፈች አሉ። ከእሷ በኋላ የመጣው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሁልጊዜ ቆሞ ነው። ጥፍር መቁረጡን እኔ ያዝኩት።

የቤቱ ሰዎች የራሳቸው ዕድር ነበራቸው። ገንዘብ የሌለው ዕድር። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ ስለሌለ፣ ዘመድ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ድንኳን ከሰፈር ይዋሳሉ፣ ጉልበት ያለው አግዳሚ ይደረድራል፣ ዓይን ያለው ለንፍሮው በቆሎና ባቄላ ይለቅማል። ሦስት ቀን ይቀመጣሉ። ማልቀሱ የእማማ ዘርፌ ነው።

እማማ ዘርፌ የወሎ ሰው ናት። ጥርስ የላትም፣ ጉልበቷም አይታጠፍም፤ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። በአገሯ ለለቅሶ በበቅሎ ይወስዷት ነበር አሉ፤ አሉ እንግዲህ፣ ያለችው ራሷ ናት። ግን ነጠላዋን አጥብቃ ስትነሳ እውነትነቱ ይገባችኋል። መጀመሪያ የሟቹን አባት ትጠራለች፣ ቀጥላ አገሩን፣ ከዚያ የሠራውን። ገጥማ፣ ደርድራ፣ ድንጋይ ታስለቅሳለች። "ሰው ባዶውን አይሸኝም" ትል ነበር። ገና በሕይወት ያሉትን እየዞረች "አንተ፣ አባትህ ማን ነበር? ምን ገደልህ? ምን አሳደግህ?" ብላ ስትጠይቅ ይስቁባታል፤ ይነግሯታል ግን።

ያልነገራት ጋሽ በቀለ ብቻ ነው። ጋሽ በቀለ ዕድሜውን የቡና መፈልፈያ ማሽን ላይ የጨረሰ፣ ጆሮው በማሽኑ ድምፅ የደከመ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጎደሬውን ይበላል፣ በረንዳው ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ጫካውን ያያል። "አባትህ ማን ነው?" ስትለው "ለምን ፈለግሽው?" ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጥፍሩን እንኳ ሲቆረጥ አያወራም ነበር።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ሽንቱ ታገደበት። ሐኪሞቹ ወደ ጅማ ይሂድ አሉ። ዘበኛችን ታደሰ አብሮት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬ ጠፋ፤ ኔትወርኩ ጭራሽ የለም፤ ብንደውል ብንደውል "አይገኝም" ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ከጅማ የመጣ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆሞ ክላክሱን ነፋ። ሹፌሩ "ከሆስፒታል አንድ ሰውዬ አድርስልኝ ብሎኝ ነው" ብሎ በመስኮት አንድ ትልቅ ፌስታል አቀበለኝና ሄደ። ከፈትኩት። የጋሽ በቀለ ጋቢ። ኮቱ። ጫማው። ከዘራው ደግሞ ከላይ በሲባጎ ታስሯል።

እኛ ዘንድ ልብስ ያለ ባለቤቱ ሲመለስ ማንም ምንም አይጠይቅም። መርዶ ነጋሪም አያስፈልግም። እማማ ዘርፌ ከበረንዳው ሆና ከዘራውን እጄ ላይ አየችው። "ዋይ!" አለች። በቃ፣ አለቀ። እኔም አልተጠራጠርኩም፤ ማን ይጠራጠራል?

ድንኳኑ ተተከለ። ኮቱና ጋቢው ጠረጴዛ ላይ ተነጠፈ፣ ከዘራው ከላይ ተጋደመ። ከሰፈርም ሰው መጣ። እማማ ዘርፌ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሳች። ኮቱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣

"በቀለ..." አለች። "በቀለ... የ..."

ቆመች። ዞር ብላ አየችን።

"የማን ልጅ ነው?"

አንዱ ወደ ሌላው ጠቆመ።

"አገሩስ? ኧረ አንድ ሰው ይንገረኝ!"

አንዱ ወላይታ ነው አለ፣ ሌላው የለም ሀዲያ ነው አለ።

"እሺ ምን ሠራ?"

"መፈልፈያ ላይ ነበር" አልኳት።

"መፈልፈያ ብዬ ላልቅስ?" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ኮቱን ቀስ አድርጋ መልሳ አነጠፈችና ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ሁሉም ዝም አለ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አንጀቱስ ነበረን፤ የምንይዘው አጣን። ሰው ንፍሮውን እየቆረጠመ ዝናቡን ብቻ ሰማ። ብዙ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

በማግስቱ እዚያው እንደተቀመጥን ባጃጅ መጣ። ታደሰ ወረደ። ቀጥሎ፣ የታደሰን ጃኬት ለብሶ፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ጋሽ በቀለ ወረደ።

አንዷ አሮጊት ጮኸች። "በስመ አብ!" ያለውን ብዛት አልነግራችሁም። ታደሰ ድንኳኑን አይቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ለካስ ለኦፕሬሽን ሲያስገቡት ልብሱን አስወልቀው የሆስፒታል ጋዋን አልብሰውት ኖሯል። ዕቃ ማስቀመጫ የለም፣ ሌባው ብዙ ነው፤ ታደሰ "ከሚሰረቅ ቤት ይግባ" ብሎ ለሹፌር ሰጠው። ሌላ ምንም አላሰበም። "ታዲያ ጋቢ ይላካል?" ብዬ ልበላው ደረስኩ። ምን ላድርግ፣ ልጁ ደግ አስቦ ነው።

ጋሽ በቀለ ድንኳኑን አየ፣ ሰዉን አየ።

"ማን ሞተ?" አለ።

መቼም አንድ ሰው መናገር አለበት።

"አንተ ነህ፣ ጋሼ" አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮቱን አየው። ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። "እርቦኛል" አለ። ንፍሮ ሰጡት። የራሱን ንፍሮ በላ። ሰው መጀመሪያ ፈራ፣ ቀጥሎ አንዱ ሲስቅ ሁሉም ፈነዳ፤ በእንባ ነው የሳቅነው። እሱ ብቻ አልሳቀም። በልቶ ሲጨርስ ወደ እማማ ዘርፌ ዞረ።

"ምን አልሽልኝ?"

እማማ ዘርፌ መዋሸት አታውቅም። "ምንም" አለችው።

"ለምን?"

"ምን ልበልህ? የማን ልጅ ልበልህ? ዘጋኸኝ እኮ!"

ጋሽ በቀለ ተነሳ፣ ኮቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ክፍሉ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ አይነካም። ፍርፍሩን በወተት አርሼ ብሰጠው፣ ጎደሬውን በቅቤ ለውሼ ብሰጠው፣ ከንፈሩን አይከፍትም። ኃላፊያችን በር ላይ ቆሞ "ለምን አይበላም?" ይላል። ቁስሉ ደህና ነው፣ ሽንቱ ይወርዳል፣ ትኩሳት የለውም። እኔ ግን ገብቶኛል። ሰውየው ሞትን አልፈራም። የፈራው እንደዚያ ዝም ተብሎ መቀበርን ነው። የሞቱን ቀን አስቀድሞ አይቶታል፤ ኮቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰዉ ንፍሮ እየቆረጠመ፣ ስሙን የሚጠራ ጠፍቶ። እንዲህ ሆኖ ቢሞት ደግሞ እንደገና ዝም ልንል ነው።

ሙቅ ውሃ ይዤ ገባሁ። በክርኔ ሞከርኩት። አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ፣ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣሁና ዘፈዘፍኩት። ምንም አልጠየቅኩትም። አንዱን ጣት ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስሄድ ግድግዳውን እያየ፣

"ዘርፌን ጥሪልኝ" አለኝ።

እማማ ዘርፌን ደግፌ አመጣኋት። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፣ እኔ ወደ ጥፍሩ ተመለስኩ። ልውጣ ብል ማን እጁን ይይዝለታል?

"በቀለ አይደለሁም" አለ። "በቀለ ያለኝ የእርሻው ካቦ ነው፤ ስሜን መጥራት ሰነፈ። ላምቤቦ ነኝ። የአኑሎ ልጅ። ከከምባታ።"

ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ። ቡና ሊለቅም ሲመጣ ብቻውን አልመጣም፤ ታናሽ ወንድሙ ሎምበሶ አብሮት ነበር። እናታቸው አልለቅም አለች፤ ላምቤቦ ለመናት። "መልሰህ ታመጣልኛለህ?" አለችው። "አመጣለሁ" አላት። ቆላው ላይ ወባ ሎምበሶን ያዘው። በዝናብ ቀበሩት፤ የእርሻው ሰዎች አፈር መልሰው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አንድ ቃል ያለው ሰው የለም። ላምቤቦም አገሩ አልተመለሰም። "ምን ይዤ ልግባ?" አለ። "እሱ ያለበት ቡና ሥር ነው። ጥዬው የት እሄዳለሁ?" ስንት ዓመት እዚያው አጠገቡ መፈልፈያ ሲያንቀሳቅስ ኖረ።

ጣቱን ይዤ ነበርና ፊቱን አላየሁም። እማማ ዘርፌን ግን አየኋት። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና አፍንጫዋን ነፋች።

"አንተ ደንቆሮ" አለችው፤ "ይሄን የመሰለ ነገር ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው መፈልፈያ ብዬ እንዳለቅስ የፈለግኸው?"

በማግስቱ በላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ሆነው የእሱን ለቅሶ ያዘጋጃሉ። ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! እሷ ትገጥማለች፣ ጆሮው ላይ ትጮህለታለች፣ እሱ ያርማል።

"አንበሳ ገዳይ ልበልህ፤ ያምራል።"

"አንበሳ አላየሁም። ጦጣ ነው ያባረርኩት።"

"ጦጣ አባራሪ አስብለህ ልታሳፍረኝ ነው?"

"እኔን ተይኝ። ሎምበሶን አስገቢው።"

የቤቱ ሰው ሁሉ እየተሰበሰበ ይሰማቸዋል፣ ይስቃል። በመጨረሻ የተስማሙበት ይሄ ነው፤

የአኑሎ ልጅ ላምቤቦ ምን ይመልስ ላገሩ፤
ታናሹን ሲጠብቅ ኖረ ከቡናው ከሥሩ።

ሲሰማው ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ይበቃል" አለ።

አይ ሰው! የሚቀድመው እሱ መስሏቸው ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ እማማ ዘርፌን ሳል ያዛት፤ ጀርባዋን በትራስ ከፍ አድርጌ፣ በእንፋሎት አጥኜ፣ ያልሞከርኩት የለም። አልሆነም። ለቅሶዋ ላይ የሚያለቅስ አልነበረም፤ አልቃሿ ራሷ ናታ! ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ ጋሽ በቀለ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። ለቅሶ ላይ ተነስቶ ሲናገር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"ዘርፌ" አለ። "ተራው የእኔ ነበር። ተራ አበላሸሽ።"

ተቀመጠ። ያን ጊዜ ቤቱ በአንድ ድምፅ አለቀሰ።

ከሳምንት በኋላ ጥፍሩን ስቆርጥለት "ግጥሙን አንቺ ሰምተሻል" አለኝ።

"እኔ አልቃሽ አይደለሁም፣ ጋሼ። ድምፄን አታውቀውም? ቁራ ነኝ።"

"ሰምተሻል አይደል? በቃ።"

ጡረታ ስወጣ በዳቦና በለስላሳ ሸኙኝ፤ ብርድ ልብስም ሰጡኝ። በየገበያው ቀን ብርቱካን ይዤ እጠይቀዋለሁ። ሰላም ሳይለኝ "በይው እስቲ" ይለኛል፤ ጆሮው ላይ እልለታለሁ። ቤቴም ዕቃ ሳጥብ እለዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ። አንድ ጊዜ አከራዬ ሰምታ "ማን ሞተብሽ?" ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። "ገና ነው" አልኳት። ያበድኩ መሰላት መሰለኝ። በሄድኩ ቁጥር ግን በረንዳው ላይ የማውቀው ሰው ይጎድላል። የሎምበሶን ነገር የሰማ፣ ያን ቀን ንፍሮ የቆረጠመ፣ አንድ በአንድ አለቀ። ቀስ በቀስ እዚያ ቤት የሚያውቁኝ ታደሰና ጋሽ በቀለ ብቻ ሆኑ።

ባለፈው ታደሰ ጠዋት ደወለልኝ። "እትዬ፣ ጋሽ በቀለ አረፈ" አለ። ቀጥሎም "አሁን እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አለኝ። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።

ባጃጅ ይዤ ስደርስ ሬሳው ወጥቶ ነበር። ቀጥታ መቃብሩ ሄድኩ። አዳዲሶቹ አስታማሚዎች አያውቁኝም፤ ሽማግሌዎቹም አዲስ ናቸው። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ። ሊያወርዱት ገመዱን ያዙ።

"ቆዩ" አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጀመርኩት፤ "የአኑሎ ልጅ ላምቤቦ" አልኩ፣ ድምፄ ተሰነጠቀ። "ታናሹን" የሚለው ላይ ስደርስ ዜማው ጠፋኝ። እንግዲህ እንደ ሰው ተናገርኩት።

"ይህ ሰው በቀለ አይባልም። ላምቤቦ ነው። አባቱ አኑሎ ነው፣ አገሩ ከምባታ ነው። ሎምበሶ የሚባል ወንድም ነበረው፤ እሱም እዚህ ቆላ፣ ቡና ሥር ነው ያለው። እናታቸው 'መልሰህ አምጣልኝ' ብላው ነበር። መመለስ አልቻለም። ጥሎትም አልሄደም።"

አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ቀጥሎ ሌላው። የሚያለቅሱት ለእሱ ይሁን ለራሳቸው አልጠየቅኩም። ገመዱ ወረደ።

ስንመለስ ታደሰ ጃንጥላ ይዞልኝ አብሮኝ በእግሩ መጣ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ክንዴን ይዞኛል፣ ፊቱ ግን ወደ መንገዱ ነው። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

"እትዬ አስናቀች" አለኝ፤ "የአንቺስ አባት ማን ይባላሉ?"

"ምን ያደርግልሃል?"

"እንዲሁ ነው።"

ጭቃውን ተሻገርን። ከዚያ ነገርኩት።